ውርጭ በቤተሰብ ላይ እኩል አይወርድም

ብርቅ ነገር ሲያዩ መደነቅ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በካይሮ ዙሪያ በረዶ በጣለ ጊዜ ብዙ ሰው ያየውን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ደጅ ወጥቶ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ በአልጄሪያ በረሃ በምትገኘው በአይን ሴፍራ አሸዋው ነጭ ለብሶ ሲያድር፣ ልጆች በአሸዋ ኮረብታው ላይ እየተንሸራተቱ ተጫውተዋል። ለሞቃት አገር ሰው በረዶ ታይቶ የሚሄድ እንግዳ ነው።

በአገራችን ደጋዎች ግን ነገሩ ከእንግድነት ያለፈ ነው። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ጥጥ መሳዩ በረዶ አልፎ አልፎ ይታያል።

ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ስንመጣ፣ መካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በላይ ያሉት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች ደግሞ የገብስ፣ የበግና የብርድ አገር ናቸው። በዚህ አካባቢ ምድር የሚነጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በበልግና በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደው የበረዶ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ በሣሩ ላይ ተጋግሮ የሚገኘው አመዳይ ነው።

በረዶው ሲያባራ ልጆች እየሮጡ ወጥተው በእፍኛቸው ይለቅማሉ፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው በጓደኛው አንገት ይጨምራል። የልጅ ደስታ የሚነቀፍ አይደለም። እናት ግን በዚያው ሰዓት የምታስበው ስለ ተመታው ገብስ ነው። የተሰበረ ዛላ ማለት ከጎተራ የሚጎድል እህል ማለት ነውና። የጎደለውን አብቃቅታ ቤተሰቡን እስከ መጪው መኸር የማድረስ ጭንቀት የሚወድቀው በእርሷ ላይ ነው።

አመዳይም እንዲሁ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ግን ምድር ቀን የዋጠችውን ሙቀት ሁሉ ትለቃለች። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ከዚህም የተነሳ በረባዳ ቦታ ያለ ድንችና ባቄላ፣ ተዳፋት ላይ ካለው ይልቅ ቶሎ ይመታል። የጓሮ አትክልት ችግኝ ያላት እናት መደቡን ከፍ ባለው ቦታ ብታደርግና ማታ ማታ በገለባ ብትሸፍነው ብዙ ታተርፋለች።

በዚያ ማለዳ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርደው ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ናት፤ ያውም በባዶ እግሯ። ውሃው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቢቀዳ፣ ወንድሟም ተራ ቢገባላት የሚጎድል ነገር የለም።

ከሁሉ ይበልጥ ብርድ የሚጎዳው አራስ ሕፃንን ነው። የሕፃኑ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ለዚህ ደግሞ ከእናት ገላ የሚበልጥ ምድጃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማሳቀፍ ጀመሩ፤ ዘዴውም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ሕፃኑን ራሱን በቆብ ሸፍኖ በደረት ማቀፍና ከላይ ጋቢ ወይም ባና መደረብ በየትኛውም ጎጆ የሚቻል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የተወለደ ሕፃን ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይታጠብ ይመክራል። ገላው ቀዝቅዞ ጡት መጥባት ያቆመ ሕፃን ግን፣ እንደ ታቀፈ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ብርዱን ለመከላከል ብለን የምናደርገው ነገር ራሱ የሚገድልበት ጊዜም አለ። በጭቃ በደንብ በተመረገና በሩ ገጥሞ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት እጅግ አደገኛ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ያስከትላል፤ የተኛውን ሰው ግን ሳያነቃው ሊገድል ይችላል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለ ጠፋም አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። አራስ ያለችበት ቤትም ቢሆን ከዚህ ደንብ አይወጣም፤ እንዲያውም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

አባወራው ከእርሻው የደረሰበትን ጉዳት አይቶ ሲመለስ፣ በቤቱ ውስጥም ብርዱን ማን እንደ ተሸከመው ቢመለከት መልካም ነው። እንጨቱን ቢፈልጥ፣ የሚሞቀውን ስፍራ ለአራሷ ቢለቅ፣ ማንደጃውንም ማታ በእጁ ቢያወጣ፣ ልጆቹ በማግሥቱ በረዶ ለመልቀም ደኅና ሆነው ይነሣሉ።