ወንበር ሽልማት አይደለም

ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ዓይኑን ሞራ የጋረደው አዛውንት በልጅ ልጁ እየተመራ ሲመጣ የሚመኘው እጀ ቀና ሐኪም ነው፤ የሐኪሙን ሹመት አይጠይቅም። እኛ ግን በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ እጅ ባገኘን ቁጥር የምናውቀው ሽልማት አንድ ብቻ ነው፤ ከሥራው አንስተን ኃላፊ እናደርገዋለን።

ልማዱ የሆስፒታል ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽኑን ሕመም በድምፁ የሚለየው መካኒክ የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል፤ ደሴ ላይ ሒሳብን የሚያቀልለው መምህር ርእሰ መምህር ይሆናል። በማግስቱ የሚጠብቀው የግዥ ሰነድ፣ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ፣ የሁለት ሠራተኞች ጠብና የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ወይ መፍቻውን ይዞ የሌላውን ሥራ ሲሠራ ይውላል፣ ወይ «ለምን እንደኔ አትሠሩም» እያለ ሰው ያስመርራል። ጥሩ ባለሙያ እናጣለን፤ ጥሩ አለቃም አናገኝም።

ጉዳዩ በሌላውም ዓለም ተጠንቷል። ላውረንስ ፒተርና ሬይመንድ ኸል እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው በሚችለው ሥራ እየተሾመ ሄዶ የማይችለው ላይ ሲደርስ እዚያው እንደሚቀር ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በ131 ድርጅቶች የሽያጭ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም የተሻለ ሻጭ የመሾም ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን፣ በእሱ ሥር የሚሠሩት ውጤት ግን ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

የእኛ በሽታ ሥሩ ጠለቅ ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ሹመትን ገበታ አድርጎ አስለምዶናል። አበሉም፣ ቤቱም፣ መከበሩም ከወንበሩ ጋር ስለተሰፋ ባለሙያው ልጆቹን ለማሳደግ ሲል ሙያውን ይተዋል። በእሱ አልፈርድም፤ የምወቅሰው ሌላ መንገድ ያልተወለትን አሠራር ነው።

ሌላ መንገድ ግን ከጥንት ነበረን። የኔታ ወንበር ዘረጉ ሲባል ማስተማር ጀመሩ ማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ገበዙ ነው። የቅኔው መምህር ለመከበር ገበዝ መሆን አላስፈለጋቸውም። በወሎ እንደ ገታና ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎችም ሸሁ የሚከበሩት በሚያቀሩት ኪታብና ባፈሯቸው ደረሶች ነው።

«ሙያውን የማያውቅ ባለሙያን እንዴት ይመራል?» የሚለው ሙግት እውነት አለው። እኔም ሙያ የማያውቅ ካድሬ ይሾም አልልም። ነገር ግን ሙያ ማወቅ መግቢያ በር ነው፤ መምራት ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የሆስፒታል አስተዳደር ማሻሻያ ይህን ተረድቶ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያስተማረው ለዚሁ ነው። ትምህርቱ ግን ከላይኛው ወንበር ወርዶ ለማትሮኑ፣ ለክፍል ኃላፊውና ለቡድን መሪው መድረስ አለበት፤ ሰው የመምራትን ሥራ በመጀመሪያ የሚቀምሰው እዚያ ነውና።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳይሾሙ የሚያድጉበት መሰላል ይኑር፤ መምህራን ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር ከክፍላቸው ሳይወጡ የሚያድጉበት ደረጃ አላቸው፣ ደመወዙ ግን ከኃላፊው ጋር እኩል ይራመድ። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ከሹመቱ ይቅደም። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂነት እውነተኛ መፈተኛ ይሁን። ስድስት ወር መርቶ «ወደ ቀዶ ሕክምናዬ መልሱኝ» ያለ ሐኪም እንደተሻረ አይቆጠር፤ ጋውኑን ሲለብስ እናመስግነው። ያ አዛውንት በልጅ ልጁ ትከሻ ተደግፎ ደጅ የሚጠብቀው እሱን ነው።