ማን ሞተ?

ባለፈው ጅጋ ላይ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን «እስቲ ክላሲካል ክፈቱልን» አልን። አስተናጋጁ ክው ብሎ «ውይ፣ ማን ሞተ?» አለን።

አልፈረድንበትም። ትልቅ ሰው ሲሞት ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ዘፈን አቋርጠው ግጥም የሌለው ዜማ ሲለቁብን ነው ያደግነው። «ተምሬያለሁ» የሚለውም አይሻልም፤ ለእሱ ክላሲካል የፈረንጅ እንቅልፍ ማምጫ ነው።

እንቅልፍ? የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልካቹ በጩኸት አዳራሹን ቀውጢ አድርጎታል! አራዳ ነገር ካማራችሁ ደግሞ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሉላችሁ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት መነኩሲት ፒያኖውን ሲነኩት የኛው ዜማ ከፈረንጁ ጋር ሳይጣላ ይንሸራሸራል።

የሚያናድደን ግን ሌላ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ፣ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ለፒያኖ ሲጽፉ፣ ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ ሰው ነው፤ ዋሽንት ወደሚነፋው እረኛ። ሁለቱንም ሥራዎች ፈልጋችሁ አድምጡ።

እኛ ከተሜዎቹስ? ያንኑ እረኛ «ባላገር» ብለን እናልፈዋለን። ጅጋ ላይ እኮ ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ ታገኙታላችሁ! ቆም ብላችሁ ስሙት። «ማን ሞተ?» የሚላችሁ ከመጣም፣ «ጆሯችን ሞቶ ነበር፤ አሁን ተሽሎታል» በሉት።