ስለ ሐኪም ቤት መስኮት

ሐኪም ቤት የሚሠራው ሰው ከደዌው እንዲፈወስ ነው። ዳሩ ግን በአንድ ደዌ ተይዞ የገባ ሰው ሌላ ደዌ ተሸክሞ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ የዚህም ጥፋት ሁልጊዜ የሐኪሙ ወይም የመድኃኒቱ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የግድግዳው ነው። መሐንዲሱ ንድፉን ሲነድፍ፥ ሹሙም አይቶ ሲፈርም፥ የነፋሱን መግቢያና መውጫ ካላሰቡበት፥ ሐኪሙ በብዙ ድካም ሊያድነው የሚጥረውን ሕዝብ አስቀድመው ለበሽታ አሳልፈው ሰጥተውታል ማለት ነው።

ነገሩ ለወሬ ያህል የተነገረ እንዳይመስል ምስክር እንጥራ፤ ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጅ ነው። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፥ በክዋዙሉ ናታል አውራጃ፥ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ቀበሌ መድኃኒት የማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ በ53 በሽተኞች ላይ እንደ ተገኘ ሐኪሞች ገለጡ፤ ከእነዚህም 52ቱ ሞቱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ የሚበዙት ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሐኪም ቤት ተኝተው የነበሩ መሆናቸው ነው። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፍ ነውና፥ በሽተኞች በጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው ተራ ሲጠብቁ አንዱ ያሳለውን ሌላው ይተነፍሰዋል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ስለ ሐኪም ቤቶች በጻፈችው መጽሐፍ፥ የበሽተኞች አዳራሽ መስኮት በሁለቱ ግድግዳዎች ትይዩ ሆኖ ነፋስ ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ እንዲወጣ አጥብቃ አሳሰበች። በ1871 በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር የተከፈተው የቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤትም በዚሁ ሐሳብ ተሠራ። እርስዋ በሽታ የሚመጣው ከተበላሸ አየር ነው ትል ነበር እንጂ የነቀርሳውን ተሕዋስ አላወቀችም፤ ሮበርት ኮኽ ያን የገለጠው በ1882 ነው። እንግዲህ እርስዋ ምክንያቱን ሳታውቅ መፍትሔውን አገኘች፤ ከኋላዋ የመጡት ብዙዎች ደግሞ ምክንያቱን አውቀው መፍትሔውን ረሱት።

መርሳታቸውም በቍጥር ታውቋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በስምንት ሐኪም ቤቶች የተደረገ ምርመራ በ2007 ታትሞ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የቈዩት፥ ጣራቸው ከፍ ያለ፥ መስኮታቸውም ሰፊ የሆነ ክፍሎች አየራቸው በአንድ ሰዓት 40 ጊዜ ሲለወጥ፥ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት 17 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በመኪና አየር እንዲገባላቸው ከተደረጉት ክፍሎች የሚጠበቀው ግን 12 ጊዜ ነው። መኪናው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ ሲሰበርም ዕቃው ከባሕር ማዶ ይጠበቃል።

ጎረቤቶቻችን ይህን ተረድተዋል። በሰሜን ሩዋንዳ በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሐኪም ቤት መተላለፊያው ከሕንፃው ውጭ በረንዳ ሆኗል፤ አልጋውም በግድግዳ ሥር መሆኑ ቀርቶ በአዳራሹ መካከል ተደርጎ በሽተኛው ወደ መስኮት ይመለከታል። ድንጋዩም የአገሩ ነው፤ ግንበኞቹም የአገሩ ሰዎች ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጸንቶባቸዋል ብሎ ከቈጠራቸው 30 አገሮች አንዷ አገራችን ናት። ነገር ግን መስኮት ማብዛት ብቻ ለኛ አይበቃም። ደጋው ሌሊት ብርድ ነው፤ ሕዝቡም ነፋስ ይመታናል ብሎ ስለሚፈራ፥ ነርሷ የከፈተችውን አስታማሚው ተነሥቶ ይዘጋዋል። በዚህ አስታማሚውን መውቀስ አይገባም፤ ወገኑን ከብርድ መከልከሉ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከታች ከሚዘጋው መስኮት ሌላ ከጣራው ሥር፥ ከተኛው ሰው ራስ እጅግ ከፍ ያለ፥ ማንም የማይዘጋው የነፋስ መውጫ ሊተው ይገባዋል። ተጨማሪ ብርድ ልብስም ከመኪናው ዋጋ ይረክሳል። ካህናትም ሕዝቡን ቢመክሩ ይሰማሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሦስት በሮች ምሥጢራቸው ሌላ ቢሆንም፥ በበዓል ቀን ሲከፈቱ የተጨናነቀው ምእመን እንዴት እንደሚተነፍስ ያውቃሉና።

በወረቀት ላይ ያለን ግድግዳ ማንሣት የላጲስ ሥራ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ሌላ በጀት ይጠይቃል። እንግዲህ ንድፍ የሚቀርብለት ሹም፥ የሚያስለው በሽተኛ ተራውን የት ተቀምጦ ይጠብቃል፥ መብራት በጠፋ ጊዜስ አየሩ በየት ይወጣል ብሎ መሐንዲሱን ይጠይቅ፤ መልሱን በንድፉ ላይ በጣቱ ካላሳየው ሳይፈርም ይመልስለት።