የአሮጌ ተሽከርካሪዎች የጭስ ምርመራ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚደረግ ዝግጅት

የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ወቅት ሲቃረብ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች ወደ ጋራዥ መጉረፋቸው በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የተለመደ ነው። ፍሬን ይፈተሻል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀየራል፣ የእሳት ማጥፊያና ጎማ ተውሶ መቅረብም እንግዳ ነገር አይደለም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያስገድዳል። በአገሪቱ ካሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ወስኗል። ሁለቱም እርምጃዎች ከውጭ የሚመጣውን ጭስ ለመቀነስ ያለሙ ቢሆኑም በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ከመንገድ አላስወጡትም። እንዲያውም የሚተካው መኪና ዋጋ ሲንር ባለቤቱ ያለውን እየጠገነ መንዳቱን ይቀጥላል። የከተሞች አየር ጥራት በእነዚህ መኪኖች ጥገና ላይ የሚመሠረተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጭስ መለኪያ መሣሪያ ባላቸው ጣቢያዎች የቤንዚን መኪና የሚመረመረው በጭስ ማውጫው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እና ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን መጠን ይነበባል። በናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ በኃይል ተረግጦ ጭሱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ ይለካል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ የተሰጠውን ነዳጅ በሚገባ አቃጥሎታል ወይስ አላቃጠለውም?

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ችግር አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው አየር ሲቀንስ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስለት ቅልቅሉ ይወፍራል። ውጤቱም የካርቦን ሞኖክሳይድ መብዛት፣ የካንዴላ መጥቆርና የቤንዚን ብክነት ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ይህን በካርቡራተሩ ጥገናና በቅልቅል ማስተካከያው ሊያርመው ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን የአየር ፊልትሮው መታየት ይኖርበታል። በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ መለዋወጫዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ያረጀ ካንዴላና የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ነዳጁ ሳይቃጠል እንዲወጣ ያደርጋሉ። በነዳጅ የተበከለ ያረጀ የሞተር ዘይትም ትነቱ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ የሃይድሮካርቦኑን ንባብ ከፍ ያደርገዋል። በኢንጄክሽን በሚሠሩ መኪኖች ላይ የሞተር ምልክት መብራት ከበራ የኦክስጅን ሴንሰሩ መመርመር አለበት። መብራቱን ነቅሎ ማጥፋት ጥገና አይደለም፤ ይህን የሚያደርጉ ግን አልጠፉም።

የጭሱ ቀለምም ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፣ ሰማያዊ ደግሞ የዘይት መቃጠልን ያመለክታል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃዎች የሚታይ ነጭ እንፋሎት የሚያሳስብ አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር የፒስተን ቀለበቱ ወይም የቫልቭ ጎማው ስላለቀ በፊልትሮ ቅያሪ አይድንም፤ ባለቤቱ ለከባድ ጥገና መዘጋጀት አለበት።

ካታላይዘር የተገጠመላቸው መኪኖች ጉዳይ ለየት ይላል። መሣሪያው በእርሳስ የሚበላሽ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እርሳስ አልባ ቤንዚን መጠቀም የጀመረችው በ1996 ዓ.ም ነው። ስለሆነም ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ የተነዱ መኪኖች ካታላይዘራቸው በሥራ ላይ ስለመሆኑ መጠራጠር ተገቢ ነው። ካታላይዘር የሚሠራው በሚገባ ሲግል በመሆኑ መኪናው ለምርመራ ከመቅረቡ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል መነዳት አለበት። በሰልፍ ላይ ቆሞ የቀዘቀዘ መኪና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው በናፍጣ መኪኖች ላይ የሚታየው ልማድ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስተው ወደ መሃል አገር ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ከባሕር ጠለል እስከ አዲስ አበባ ከፍታ ይወጣሉ። ከፍታን የሚያካክስ መሣሪያ የሌለው አሮጌ ፓምፕ አየሩ ሲሳሳም የሚረጨውን የናፍጣ መጠን አይቀንስም። በዚህ ላይ ዳገት ላይ ጉልበት ለማግኘት ሲባል ፓምፑ ይከፈታል፤ ለምርመራው ቀን ይቀነሳል፤ ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ተመልሶ ይከፈታል። ምርመራው በሕግ ረገድ ተፈጽሟል፤ ጭሱ ግን በነበረበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2004 ዓ.ም ካንሰር አምጪ ብሎ መመደቡ ይታወሳል። ይህን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት የትራፊክ ፖሊሶች፣ የጎዳና ነጋዴዎችና ራሳቸው አሽከርካሪዎች ናቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ አላቸው፤ በግቢያቸው የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ ወጣት አይደሉምና። በርካታ መሥሪያ ቤቶች ሰርቪስን በኪሎ ሜትር የሚወስን መርሐ ግብር ቢኖራቸውም የአንድ ፊልትሮ ግዥ በተጓተተ ቁጥር መርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። የፊልትሮው ዋጋ በቁጠባ ሲቆጠር፣ በየቀኑ በተጨማሪ የሚቀዳው ነዳጅ ግን በሌላ የሂሳብ መደብ ስለሚወራረድ ኪሳራው ለማንም አይታይም። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የስምሪት ክፍሎች ችግሩን ለማወቅ የምርመራውን ቀን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። እያንዳንዱ መኪና የተጓዘው ኪሎ ሜትርና የቀዳው ሊትር በመዝገብ ላይ አለ። በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና በተመሳሳይ መንገድና ጭነት ወደ ስምንት ከወረደ፣ ከነዳጅ ስርቆት ጎን ለጎን የፊልትሮው፣ የካንዴላው ወይም የኖዝሉ ሁኔታ መጠየቅ አለበት። በአሁኑ አሠራር በብዙ ቦታ አሽከርካሪው የሚጠየቀው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።