«አምባ ጊዮርጊስ ደርሻለሁ!»

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቀጠሮ ነው። «ኤጭ፣ ይሄ ደግሞ የሐበሻ ቀጠሮ ሊለን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። የሐበሻን ቀጠሮ ማማት የተበላ ዕቁብ ነው። የእኔ ጉዳይ ከዘገየን በኋላ የምናደርገው ነገር ላይ ነው። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ባቡር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የሚኒባስ ሾፌር ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ እየሄድኩ ነበር። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። ኮሶዬን ለማታውቋት፣ ከጎንደር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ የምትገኝ ብርዳም ከፍታ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ከገደሉ ጫፍ ቆማችሁ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ታያላችሁ። ጉም ሲሆን ግን የገዛ እግራችሁንም አታዩት። ሾፌራችን ዳር ይዞ ቆመና «ትንሽ ይግለጥልን፤ እስከዚያ ሻይ ጠጡ» አለን። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው።

ሻዩ ገና ሳይቀዳ ስልኩ ጮኸ። «አምባ ጊዮርጊስ ደርሻለሁ! መጣሁ፣ መጣሁ!» አለና ዘጋው። አምባ ጊዮርጊስ እኮ ገና ከፊታችን ናት! እኔ ሳቅኩ፤ እሱም አፍሮ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አጋደመና ጌም ከፈተ። ኳስ መስሎኝ ነበር፤ ባቡር ሆኖ አገኘሁት። «የት ያለ ባቡር ነው?» ብለው «ያማኖቴ ነዋ! የቶኪዮ!» አለኝ፤ የዳባትን መናኸሪያ የጠራ ያህል።

ይህ መስመር የዋዛ አይደለም። የቶኪዮን መሀል ከተማ እንደ መቀነት የሚዞር ቀለበት ነው። ርዝመቱ 34.5 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹ 30፣ ባቡሮቹ ባለ 11 ፉርጎ ናቸው። አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሥራ መግቢያና መውጫ ላይ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በተሳፋሪ ብዛት ከዓለም አንደኛ የሚባለው የሺንጁኩ ጣቢያም እዚሁ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሁለቱ መስመሮቹ ርዝመት ተደምሮ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በርዝመትስ እኩያ ነን! ልዩነቱ ጥበቃው ላይ ነው። ከ41ዱ ባቡሮቻችን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት በቆሙ ጊዜ ጣቢያ ላይ ፀሐይ የመታው ሰው ያውቀዋል።

ጃፓኖች ይህን ሩጫ ጌም ካደረጉት ቆይተዋል። «ዴንሻ ዴ ጎ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ያማኖቴን የሚያስተዳድረው ጄአር ኢስት ራሱ ሾፌሮቹን ከሚያሠለጥንበት መሣሪያ ወስዶ ለኮምፒውተር የሚሆን አወጣ። እንዲህ ባለው ጌም ሰው አይገደልም፣ ጎል አይገባም። በሰዓቱ መድረስና መቆሚያው ላይ ልክ መቆም ነው፤ በቃ። ስትዘገዩ ነጥብ ይቀነሳል። ከመቆሚያው ስታልፉ ይቀነሳል። ፍሬን ድንገት ይዛችሁ ተሳፋሪውን ስታንገጫግጩትም ይቀነሳል።

«እስቲ ልሞክረው» አልኩት። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ 15 ሴኮንድ ዘገየሁ። ላካክሰው ብዬ ለቀቅኩት፤ ቀጣዩን መቆሚያ ሁለት ፉርጎ ያህል አልፌው ሄድኩ።

«አየህ ወንድምዓለም፣ እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ» አለኝ። «የአንዱን ጣቢያ ላካክስ ስል ሦስት ጣቢያ አበላሻለሁ።»

«ይህን ካወቅህ ታዲያ ቅድም ለምን ዋሸህ?»

ዝም አለ። ከዚያ ነገረኝ። የሚወዳት ልጅ ዳባት ናት። ታላቅ ወንድሟ ሊያየውና ሊያውቀው ስለፈለገ አስፋልቱ ዳር ሁለቱም ቆመው እየጠበቁት ነው። «ዛሬም ከዘገየህ እንዳትመጣ» ብላዋለች። «እውነቱን የነገርኳት ቀን ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ። የዋሸኋት ቀን ሻይ ጋበዘችኝ» አለኝ እየሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። «አምባ ጊዮርጊስ ነኝ ካልኩ በኋላ፣ ውሸቴን እውነት ለማድረግ እነዳለሁ።»

እናንተዬ፣ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ! መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ከጎኑ ገደል፣ ከፊቱ ጉም፤ ከኋላው ደግሞ እኔን ጨምሮ መኪና ሙሉ ሰው! የምናምነው እሱን፣ እሱ የሚያሳድደው ውሸቱን።

ከዓመታት በፊት ያነበብኩትን ነገርኩት። ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ኦሳካ አጠገብ አማጋሳኪ በምትባል ከተማ። የ23 ዓመት ወጣት የጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ ባቡር ይነዳል። አንድ ጣቢያ ላይ መቆሚያውን 70 ሜትር ያህል አለፈው። ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው አውርዶ ጭኖ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቷል። አንድ ደቂቃ ተኩል! እኛ ጫማ የምናስርበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በዚያ መሥሪያ ቤት የተሳሳተ ሾፌር «ሥልጠና» በሚል ስም ሪፖርት ሲጽፍና ሲዘለፍ ይሰነብት ነበር። ልጁ ከዚያ በፊትም ቀምሶታል። ስለዚህ ከኋላ ያለውን ተቆጣጣሪ ያለፈበትን ርቀት አሳንሶ እንዲናገርለት ለመነው። ተቆጣጣሪውም በሬዲዮ «8 ሜትር» ብሎ አወራ። መርማሪዎቹ በኋላ እንደጻፉት፣ የልጁ ሐሳብ በዚያ የሬዲዮ ንግግር ላይ ሳይሆን አልቀረም፤ ፍሬኑን ሳይዝ ዘገየ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቀድበትን መታጠፊያ በ116 ገባበት። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ መኖሪያ ሕንጻ ላይ ተላተመ። 106 ተሳፋሪዎችና እሱ ራሱ ሞቱ።

ይህ የጃፓን ብቻ ታሪክ አይደለም። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1977 ዓ.ም.፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የእኛው ባቡር አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ያለውን መታጠፊያ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶበት ገደል ወርዷል። ከ400 በላይ ሰው አልቋል። መታጠፊያ የማን ቀጠሮ እንደረፈደ አይጠይቅም።

ወጣቱ ሻዩን አስቀመጠ። ስልኩን አነሳና ደወለ። «ኮሶዬ ነኝ» አለ። «አዎ፣ ቅድምም ኮሶዬ ነበርኩ። ጉም ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል።» የልጅቷ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ታዲያ ቅድም አትነግረኝም ነበር? ይሄን ሁሉ ብርድ ከምቆም እገባ ነበር እኮ!»

ይህቺን ቃል ያዙልኝ። «መጣሁ፣ መጣሁ» ስንላት የሰጠናት ተስፋ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ብርድ ላይ ነው ያቆምናት። እውነቱን ብትሰማ ያን ሰዓት ቤቷ ታሳልፈው ነበር።

ጉሙ ተገለጠና ቀስ ብለን ነዳን። ኋላ የተቀመጡ «ኧረ ንዳው እንጂ!» ቢሉም አልሰማቸውም። ዳባት ስንደርስ ልጅቷ ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አልተፈታም። ወንድሟ ሰልችቶት ሄዷል። እውነት በነጻ አትገኝም። ቢሆንም ወንድም ሌላ ቀን ይገኛል።

በሉ እንግዲህ ምክሬን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ለሚዘገየው። ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ሰልፍ ይዘህ «ቦሌ ደርሻለሁ» አትበል። ያለህበትን ቦታ ተናገር፤ የቀረህን ጊዜ ደግሞ ከምታስበው አስበልጠህ ንገር። ያለፈው ደቂቃ አልፏል፤ በጋዝ ፔዳል አይመለስም። አንቺም እንዲሁ፤ ፀጉር ቤት ቁጭ ብለሽ «መንገድ ላይ ነኝ» አትበዪ።

ሁለተኛው ለሚጠብቀው ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጃፓን ውስጥ ባቡር ሲዘገይ ኩባንያው «ይህን ያህል ደቂቃ ዘግይተናል» የሚል ወረቀት ለተሳፋሪው ይሰጠዋል፤ እሱም ለአለቃው ወይም ለአስተማሪው ያሳያል። መዘግየት እንዲነገር መንገድ አበጁለት ማለት ነው። እኛስ ለፍቅረኞቻችን አበጅተንላቸዋል? እውነቱን የተናገረ ቀን ሳምንት ከዘጋሽው፣ የዋሸ ቀን ሻይ ከጋበዝሽው፣ ውሸቱን ያስተማርሽው አንቺም ነሽ። ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰው ይወቀስ፣ ካልታረመም መለየት ይቻላል። ወቀሳው ግን ለመዘግየቱ ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገሩ አይሁን።

ዛሬ ማታ የምትቀጥሩት ሰው «ገና ኮሶዬ ነኝ» ቢላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «ቀስ ብለህ ና» በሉት። ቁጣው ከደረሰ በኋላም አይረፍድበትም።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!