የኪነ ጥበብ ድጎማ፤ ለሕንፃው ወይስ ለሙያው?

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ የሚመነጭ፣ ተመልሶም ያንኑ ኑሮ የሚያንጽ ኃይል ስለመሆኑ በመርሕ ደረጃ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው መርሑ ወደ በጀት ሠንጠረዥ ሲወርድ ነው። ገንዘቡ ለማን ይድረስ? በምን መንገድ ይድረስ? አዛዡስ ማን ይሁን? እነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ ባላገኙበት ሁኔታ ስለ ባህል ዕድገት መናገር ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደማጠጣት ይቆጠራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ለሥነ ጥበባት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ይጥላል። አንቀጽ 91 ደግሞ ኪነ ጥበብን፣ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን የማስፋፋት ግዴታን ከደነገገ በኋላ ግዴታውን በአቅም ይገድበዋል። ቁም ነገሩ ያለው እዚች ገደብ ላይ ነው። ዳቦው ሳይሟላ ክራር ምን ያደርጋል የሚሉ ወገኖች የሚጠለሉት በዚችው ቃል ጥላ ሥር ነውና። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በመዲናይቱ እምብርት ተመርቀዋል። የሁለቱም ፋይዳ የሚያጠያይቅ አይደለም። የሚያረጋግጡት ሐቅ ግን አንድ ነው፤ ፈቃዱ ሲኖር አቅሙ ይገኛል። ስለሆነም ጥያቄው የአቅም ብቻ ሳይሆን የምርጫም ነው።

ታሪካችንን መለስ ብለን ብንመረምር መንግሥት በዚህ መስክ እጁን ያልዘረጋበት ዘመን እንደሌለ እንገነዘባለን። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መባቻ ሥራውን ሲጀምር፣ በቡልጋሪያ እርዳታ የቆመው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ተከተለው። በእነዚህ ተቋማት ያለፉት ሠዓሊያን፣ ሙዚቀኞችና ተዋንያን የሕዝብ ገንዘብ ፍሬዎች ናቸው።

ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ደግሞ ኪነት ወደ ቀበሌ ወረደ። የሠፈር ወጣት ከቤቱ ሳይርቅ ከበሮ የሚመታበት፣ ድራማ የሚያጠናበት፣ በአደባባይ የሚታይበት ዕድል ተከፈተ። ይህ በጎ ጎኑ ነበር። በአንጻሩ ምቱም ግጥሙም ከበላይ የሚታዘዝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የኪነት ቡድኖቹ አብዛኞቹ አብረው ተበተኑ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከትእዛዝ ጋር የመጣ ድጎማ ከአዛዡ ጋር ይሄዳል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሠፈር ሲመዘን ይበልጥ ይጎላል። ልደታ በቤተ ክርስቲያኑና በፍርድ ቤቱ ብቻ ሳይሆን በትምህርትም ስሙ የሚነሳ ሠፈር ነው። በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሕንፃ ትምህርት ተቋም የሚገኘው እዚሁ ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ግን የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ተተካ። ከነዋሪዎቹ ከፊሉ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። ፎቁ የመጸዳጃና የውኃ ችግርን ማቃለሉ አይካድም። ነገር ግን ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ የሠፈሩን ጨዋታ ያቀፈው ግቢ አብሮ ሲፈርስ ልጆች ዘፈኑንና ተረቱን ከማን ይማራሉ? ሙያ ከአየር አይወረስም፤ አውራሽና ወራሽ የሚገናኙበት ቦታ ይሻል።

መልሱ ሌላ ግዙፍ አዳራሽ መገንባት አይደለም። በኮንዶሚኒየም መንደሮች ለእጥበት፣ ለእርድና ለድግስ ተብለው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ቤቶች አሉ። ድግስ በሌለበት ቀን አንድ የሙዚቃ ወይም የሥዕል መምህር ልጆች የሚያስተምርባቸው ቢሆኑ የሚጠይቁት ወጪ የመምህሩን ደመወዝና ጥቂት መሣሪያዎችን ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት ለአንደኛና መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች መሰጠቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሆኖም መምህሩ በሙያው ካልሠለጠነ፣ ተማሪውም ቀለምና ክራር በእጁ ካልነካ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ገጽ አያልፍም።

የድጎማው አሠራርም ከገንዘቡ መጠን ያላነሰ ክብደት አለው። ብሪታንያ በ1946 እ.ኤ.አ. ባቋቋመችው የኪነ ጥበባት ምክር ቤት አማካይነት የመንግሥትን ገንዘብ ስታከፋፍል፣ የትኛው ቴአትር ይደገፍ የሚለውን ውሳኔ ከሚኒስትሮች እጅ ለማራቅ ጥራለች። አሠራሩ ከነቀፌታ የጸዳ ባይሆንም መርሑ ለእኛም ይበጃል። ገንዘቡ የሕዝብ፣ ሒሳቡ ለሕዝብ ግልጽ፣ የሙያው ፍርድ ግን የባለሙያው ሊሆን ይገባል። እንዲህ ሲሆን የበዓል ዋዜማ ልግስና ቀርቶ በየዓመቱ የሚጠበቅ፣ በሕግ የጸና ድጋፍ ይተካል።

እንግዲህ የከተማው አስተዳደርም ሆነ የባህልና የትምህርት መሥሪያ ቤቶች በመጪው በጀት ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ከፊታቸው ተደቅኗል። ለባህል ከተመደበው እያንዳንዱ ብር ውስጥ ስንቱ ለሲሚንቶ፣ ስንቱ ለመምህር ይውላል? ይህ ሒሳብ በይፋ ይቅረብ። የልደታ ልጅ ክራር ለመንካት በአውቶቡስ ከተማ ማቋረጥ እንዳይኖርበት ማድረግ የማንም ቸርነት ሳይሆን፣ ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ላይ የጣለው ግዴታ ነው።