ከፋዩን የሚቆልፍ ቁልፍ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይታሰብ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚሸከም አይደለም፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ቆሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ልጁ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከመጫን ይልቅ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫነበት። ነጻ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ከዚያ ወራት ቆጥቦ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን በካርድህ ክፈልልኝ ብሎ ለምኖ አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ገዛ። ማታ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ሌክቸር ተጫነው። ጥቁር ስክሪን። ከሥሩ ብራውዘሩ የተጠበቀ ይዘት ማጫወት እንደማይችል የምትገልጽ አንዲት መስመር።

ዶርም አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ያንኑ ኮርስ በክራክ ዊንዶውስ ያለ አንዳች እክል ይከታተላል። ሕግ ያከበረው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጧል፤ ሶፍትዌር የሰረቀው ትምህርቱን ይማራል። ለዚህ ጥፋተኛው የተማሪው ስንፍና ወይም ብዙዎች የሚያወሩት የሊኑክስ "ከባድነት" አይደለም። ሰዎች አስበውበት፣ መክረውበት፣ ወስነው ያስቀመጡት ቁልፍ ነው።

በርግጥ ሊኑክስ ላይ አልጫወት ያለ ቪዲዮ ሁሉ ተቆልፏል ማለት አይደለም። እንደ ፌዶራ ያሉ ስርጭቶች በፓተንት ጣጣ ምክንያት አንዳንድ ኮዴኮችን አሟልተው አይመጡም፤ እሱ ፓኬጅ በመጫን የሚያልቅ ነገር ነው። ዲ አር ኤም ግን ሌላ ነው። ቪዲዮው ተመስጥሮ ይላካል፤ በአብዛኛው የሚፈታውም ዋይድቫይን የተባለ፣ ኮዱ ዝግ የሆነ የጉግል ሶፍትዌር ነው። ክሮም ይዞት ይመጣል። ፋየርፎክስ ተጠቃሚው ከፈቀደ ያወርደዋል። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች የሚያቀርቡት ክሮሚየም ግን የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ችግር ክሮም በመጫን፣ ወይም ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዲ አር ኤምን በመፍቀድ ይፈታል። ይህን ለተማሪው መንገር የነበረበት ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ወገን ነው፤ ያውም ከመቀበሉ በፊት።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተቆለፈ ሌክቸር ኮምፒውተር ላይ ፋይል ሆኖ አይቀመጥም። ወይ ኔትወርክ እያለ ይታያል፣ ወይ አይታይም። አውርዶ ማየትን የሚፈቅዱ አንዳንድ ሻጮችም የሚፈቅዱት በስልክ አፕሊኬሽናቸው ብቻ ነው። ይህ ቀን ከሌት የማይቋረጥ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ትምህርት በቪዲዮ የሚማር ሰው እንዴት እንደሚማር ማንም ያውቃል። ዋይፋይ ያለበት ግቢ ሄዶ፣ ሰው ሲቀንስ ጠብቆ ያወርዳል። ቤቱ ገብቶ፣ መብራት ካለ፣ ያያል። ያልገባውን አምስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ ያያል፤ የገባውን በ1.5 ፍጥነት ያሳልፋል። ፍላሽ ላይ ገልብጦ ለፈተና ሰሞን ያስቀምጣል። ቁልፉ የሚከለክለው በትክክል ይህንን ነው። ኮርሱን አንድ ጊዜ የገዛው ተማሪ አንዷን ሌክቸር በደገማት ቁጥር ለዳታ እንደገና ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ከፊልም ዓለም የተወረሰ ነው። ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዋይድቫይን በሶፍትዌር ብቻ የሚሠራው ዝቅተኛው ደረጃ ስለሆነ፣ አንዳንድ የፊልም አገልግሎቶች ለሊኑክስ ተመልካች የምስል ጥራት ይቀንሳሉ። ፊልም ትንሽ ቢደበዝዝ ታሪኩ አይጠፋም። ስክሪን ላይ የተጻፈ ኮድ ሲደበዝዝ ግን ኮለንና ሴሚኮለን አይለዩም። ፊልም አንዴ ታይቶ ይተዋል፤ ሌክቸር የሚመላለሱበት ነገር ነው። የሁለቱ ቁልፍ አንድ እንዲሆን የፈቀደ ሰው ተምሮ የሚያውቅ አይመስልም።

ሻጮቹ መልስ አላቸው፤ ሌባ አለ ይላሉ። እውነት ነው፣ አለ። ኮርስ አዘጋጅቶ በሱ የሚተዳደር አስተማሪም ላቡ ሊከፈለው ይገባል፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን እስቲ ቴሌግራምን ይፈትሹት። የተቆለፉት ኮርሶች ተከፍተው፣ በምዕራፍ ተደርድረው፣ በነጻ ይታደላሉ። ቁልፉን አንድ ሰው አንዴ ከሰበረው ቅጂው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቪኤልሲ ላይ ያለ ችግር ይጫወታል። በየቀኑ ከቁልፉ ጋር የሚታገለው የከፈለው ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። የምር ስርቆትን መቀነስ የፈለገ ሻጭ የገዢውን ኢሜይል ቪዲዮው ላይ በስሱ ማተም ይችላል። ስሙ የታተመበትን ፋይል ለሕዝብ የሚበትን ብዙ አይደለም፤ ፋይሉ ግን በማንኛውም ማሽን ይከፈታል።

ቁልፍ አምራቾቹም ዘላለማዊ አይደሉም። አንድ ሰሞን ሌክቸሮች በማይክሮሶፍት ሲልቨርላይት ይቀርቡ ነበር። ሊኑክስ ሲልቨርላይት አልነበረውም፤ ሙንላይት የተባለ ምትክ ቢሠራለትም የተቆለፈ ቪዲዮ አይከፍትም ነበር፣ በኋላም ተተወ። ሲልቨርላይት ራሱ በጥቅምት 2021 ድጋፉ አበቃ። አዶቤ ፍላሽም በ2020 ማብቂያ ሞቷል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ደግሞ በመስከረም 2017 ዲ አር ኤምን ብራውዘር ውስጥ የሚያስገባውን ደረጃ አጸደቀ፤ ድጋፍ የሰጡት 58.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚያው ዕለት ከድርጅቱ ለቀቀ።

ከዚህ ሁሉ ግርግር ውጭ የጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ሌክቸር አለ። ኤም አይ ቲ ውስጥ በ1999 ተቀረጸ። የዩኒቨርሲቲው ኦፕን ኮርስዌር ይዘቱን ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማውረድና ማጋራት በሚፈቅድ ፈቃድ አወጣው። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ ተማሪ ኤም ፒ 4 አድርጎ ያወርደዋል፤ የትኛውም ሊኑክስ ላይ ይከፍተዋል። በዚህ ምክንያት ኤም አይ ቲ ሲከስር አልታየም። የሚከፈትበት ቪኤልሲም ቢሆን ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ በተባለው ትምህርት ቤት በ1996 የተጀመረ የተማሪዎች ፕሮጀክት ነው፤ ቪዲዮ በግቢያቸው ኔትወርክ ለማየት የሠሩት።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳው በምክንያት ነው። በሐምሌ 2024 የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በኦንላይን ኮርስ መማር የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የአገር ውስጥ ተቋማትና የግል አስተማሪዎችም የራሳቸውን ቪዲዮ እያዘጋጁ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተቀረጸ ሌክቸር የሚቆለፍበት አንድም ምክንያት የለም፤ ማውረጃ ሊንኩ ከቪዲዮው ሥር ይቀመጥ። የሚሸጥ ከሆነም በየትኛው ሲስተምና ብራውዘር እንደሚሠራ፣ ፋይሉ ይወርድ እንደሆነ፣ ከክፍያ ቁልፉ በላይ በአማርኛ ይጻፍ። ያ ተማሪ ይህን አንብቦ ቢሆን ገንዘቡን ባላወጣ ነበር። አሁን ክሮም ጭኖ ሁለት ሌክቸር አይቷል። ሦስተኛው መሃል ላይ ኔትወርኩ ሄደ።